የአሮጌ ኮሮላዬ አላርም ሌሊት ይጮኻል፣ መንገድ ላይ ሞተር ያጠፋል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። 1997 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ስገዛት አላርም ተገጥሞላት ነበር። ከክረምት ወዲህ ማንም ሳይነካት ሌሊት ትጮኻለች። በተለይ ነፋስ ሲነሳ አታስተኛንም፤ ጎረቤት ተማሯል። አንዳንድ ጠዋት ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ ሞጆ ስሄድ እየነዳሁ ድንገት ጠፋች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ አብሮ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ተመለሰና ተነሳች። የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ። የመኪናዋንም ባትሪ ነቅዬ መለስኩ፤ ለውጥ የለም። አንዱ ባለሙያ ‹ኮምፒዩተሯ ተቃጥሏል፣ ይቀየር› አለኝ። ሌላው ‹አላርሙን በጣጥሼ ልጣልልህ› አለ። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አይስሙ። ኮምፒዩተር የሚያስገዛ ምልክት አልነገሩኝም። ሽቦም በጭፍን አይበጠስም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሌሊት መጮኹና እየነዱ መጥፋቱ እኩል ችግር አይደሉም። ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል። መጥፋቱ ሕይወት ያስከፍላል። እርስዎ ጥያቄውን በጩኸቱ ጀመሩት፤ እኔ ግን ከመጥፋቱ ነው የምጀምረው።

ይህ እስኪስተካከል ድረስ መኪናዋን ይዘው ከከተማ አይውጡ። ፈጣን መንገዱ ላይማ ፈጽሞ አይሞክሩት። ከኋላዎ ከባድ መኪና እየመጣ ሞተር ቢጠፋ ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያስፈልገኝም። ድንገት ከተማ ውስጥም ቢጠፋብዎት ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም (ሞተሩ አየር በመምጠጥ የሚፈጥረው ኃይል) ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው። አንዴ ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ይያዙት። መሪው ይከብዳል፤ በሁለት እጅ ይያዙት። ቁልፉን ደግሞ ፈጽሞ እንዳይነቅሉ። ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይናገራል፦ «ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ አብሮ ጠፋ።» የሞተር ኮምፒዩተር ሲበላሽ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ የዳሽቦርዱ መብራት ግን አብሮ አይጠፋም። እንዲያውም ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ክፍት ከሆነ የባትሪና የዘይት ምልክቶች ቦግ ብለው ነው የሚታዩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጨለመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከቁልፍ ቤቱ የሚወጣው ዋናው የኢግኒሽን ሽቦ መቋረጥ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ለሞተሩና ለዳሽቦርዱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው እሱ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አላርም የገጠመው ሰው ደግሞ ሞተር ለማጥፋት የሚቆርጠው ያንኑ ሽቦ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። የኢግኒሽኑ ሽቦ መሪው ስር ይቆረጣል። ሁለቱ ጫፎች አንዲት ጥቁር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 እና 87ኤ በተባሉት እግሮች ላይ። አላርሙ ዝም ሲል ሪሌዋ ዝግ ናት፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል። አላርሙ ሲነሳ ትከፍታለች፣ ሞተሩ ይሞታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እርጅናው ላይ ነው። ሞተሩና የዳሽቦርዱ ኤሌክትሪክ በሙሉ ለዓመታት በዚያች ትንሽ ግንኙነት ላይ ሲያልፍ ኖሯል። የ87ኤ እግር ደግሞ በብዙ ሪሌዎች ላይ ከ87 ያነሰ አምፔር እንዲሸከም ነው የተሠራው። የአዳማ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች መኪና ዳሽቦርድ ስር ያለውን ሙቀት ይጨምሩበት። ግንኙነቱ ይላላል፣ ይግላል፣ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። «ትንሽ ቆይቶ በራሱ ተመለሰ» ያሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሪሌዋን ነቅለው ሲያዩ ብዙ ጊዜ ማስረጃው እዚያው ነው። አንዱ እግር ዙሪያ ላስቲኩ ቡናማ ሆኗል ወይም ቀልጦ ጎብጧል። የሶኬቱ መዳብ ጠቁሯል። ሽቦው ከሶኬቱ አጠገብ ሲነኩት እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ያለ ነው። ከጎኑ ደግሞ ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ያገኛሉ። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ፈስሶ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲፈቱት ሽቦው ያለ ምንም ማስገደድ ይለያያል።

ጠዋት አልነሳም ስትል ያለውንም በቀላሉ መለየት ይቻላል። ሞተሪኖውን ከማዞርዎ በፊት ቁልፉን ይክፈቱና ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የሞተር፣ የዘይትና የባትሪ ምልክቶች ካልበሩ፣ ሞተሪኖው ግን ካዞረ፣ ጥፋቱ በሪሌዋ ወይም በኢግኒሽኑ መስመር ላይ ነው። ሞተሪኖው በሌላ ሽቦ ስለሚታዘዝ ነው እሱ ብቻ የሚሠራው። ምልክቶቹ ሁሉ በርተው አልነሳም ካለች ግን አላርሙን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ቦቢና፣ ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ ይሂዱ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህንኑ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ራሱ የቁልፍ ቤቱ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ ውስጡ ይበላል። ሞተሩ እየሠራ መኪናዋን አቁመው፣ ቁልፉን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። መብራቱ ከተንቀጠቀጠ እሱም ተጠርጣሪ ነው። ሁለተኛው የባትሪው ራስ መላላት ነው። ነቅለው መልሰውታል ስላሉኝ በመፍቻ ማጥበቅዎን ያረጋግጡ። የባትሪው ራስ ከሆነ ግን ከዳሽቦርዱ ጋር ሬዲዮና ሰዓቱም አብረው ይጠፋሉ፤ ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ጥቂት የተሳሳቱ ነገሮችንም ላርም። የሪሞት ባትሪ ሲደክም ርቀቱ ያጥራል ወይም ቁልፉን ሁለት ሦስቴ እንዲጫኑ ያደርጋል እንጂ አላርም አያስጮህም። ሪሞቱ ላይ 27ኤ የሚባለው ባለ 12 ቮልት ባትሪም ይሁን ጠፍጣፋው ሲአር2032፣ መቀየሩ ክፋት የለውም፤ ከዚህ ችግር ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የመኪናዋን ባትሪ ነቅሎ መመለስም «ሪሴት» አያደርገውም። ብዙዎቹ አላርሞች ሲቋረጡ የነበሩበትን ሁኔታ ያስታውሳሉ። ተቆልፎ እያለ ከተነቀለ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ እየጮኸ ነው የሚነሳው። ሳይረኑ የራሱ ባትሪ ካለው ደግሞ ሲነቅሉት ጭራሽ ይብሳል።

ሌላው ስሕተት አላርምና ኢሞቢላይዘርን አንድ ማድረግ ነው። ኢሞቢላይዘር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው። ቁልፉ ራስ ውስጥ ቺፕ አለ፤ የቁልፍ ቀዳዳውን ዙሪያ የከበበ ጥቅል ሽቦ ቺፑን ያነባል፤ ካላወቀው ኮምፒዩተሩ ሞተሩን አያስነሳም። አውሮፓ ውስጥ አዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የእርስዎ መኪና ከዚያ የቀደመች ናት፤ የሚነግሩኝም ሁሉ በኋላ የተገጠመ አላርምን ነው የሚመስለው። ለማረጋገጥ መሪው ስር ይመልከቱ። ስሙ የማይታወቅ ጥቁር ሳጥን፣ በናስትሮ የተጠቀለለ የሽቦ ጥቅል፣ ዳሽቦርዱ ተበስቶ የገባች ቀይ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት፣ ኮፈኑ ስር ደግሞ ሳይረን ካገኙ በኋላ የተገጠመ ነው። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው። በኋላ የገባ ነገር ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል። የፋብሪካ ኢሞቢላይዘርን ግን እንዲህ መንገድ ዳር አይፈቱትም።

ወደ ጩኸቱ ልምጣ። አዳማ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የንዝረት ሴንሰሩን ነው። የነፋስ ተርባይኖቹ እኛ ዘንድ ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ነፋሱ የቆመች መኪና ይንጣል፤ ቆርቆሮ አጥር እያማታ ያስተጋባል። ቤትዎ ወደ ዋናው መንገድ ቀረብ ያለ ከሆነ ሌሊት የጂቡቲ ተሳቢዎች ሲያልፉ መሬቱ ይርዳል። ሴንሰሩ በትንሽ ንዝረት እንዲነቃ ከፍ ተደርጎ ከተስተካከለ ይህ ሁሉ ለእሱ ሌባ ነው። ሳጥኗ ትንሽ ናት፤ ላይዋ ላይ በቀጭን ካቻቢቴ የምትዞር ብሎን አለች። እስከ ታች ይቀንሱት። ከዚያ መኪናዋን ቆልፈው ጥቂት ይጠብቁና በሁለቱ በሮች መሃል ያለውን ምሰሶ በመዳፍዎ መታ ያድርጉ፤ መስታወቱን አይምቱ። በጠንካራ ምት ብቻ እንድትነቃ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን በረጋ ቀን ሞክሮ በማቆሙ ነው። ነፋስ ባለበት ምሽት ይሞክሩት።

ሴንሰሩን ነቅለውትም ከጮኸ የኮፈኑን ስዊች ይዩ። ኮፈን ሲከፈት ማሳ (የመኪናዋን ብረት አካል) የምትነካ ትንሽ ፒን ናት። ውሃና አቧራ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ውሃ ካሳጠቡ በኋላ ጩኸት ከጀመረ ብዙ አይድከሙ፣ እሷ ናት። ሽቦዋን ነቅለው ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑና ሁለት ሌሊት ያሳድሩት። ዝም ካለ ስዊቿን ይቀይሯት፤ ርካሽ ዕቃ ናት። ቀጥሎ የበሮቹ ስዊች ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ የጣሪያው መብራት ብልጭ ካለ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የበር ምልክት ከታየ ጥፋቱ እዚያ ነው። ብዙ አላርሞች ከጮኹ በኋላ የምትበራዋ ቀይ መብራት የምትቆጥረው ቁጥር አለ። ሦስቴ ብልጭ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ወይም አራቴ። ቁጥሩ የትኛው ቦታ እንዳስነሳው ነው የሚናገረው። ወረቀቱ ባይኖርዎትም ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ከሆነ አንድ ቦታ እንደሆነ ይገባዎታል።

የባትሪውን ነገርም አይርሱት፤ ጩኸቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሌሊቱን ሳይረንና ፍሬቻ እየሠራ ያደረ ባትሪ ይደክማል። የደከመ ባትሪ ደግሞ ቮልቴጁ ሲዋዥቅ አላርሙን ያሳስተዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። በቴስተር ይለኩ። መኪናዋ አድራ ጠዋት ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ስለ አላርም ከማውራት በፊት ባትሪው ይሞላ ወይም ይቀየር። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ዲናሞው በትክክል እየሞላ አይደለም። ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ አዳማ ላይ ዕድሜው ከደጋ ከተሞች ያጥራል።

በድብቅ የሚወስድ ነገር እንዳለ ለማየት የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ነቅለው ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው መሃል ያስገቡ። በሮቹ ተዘግተው፣ መብራት ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ጤናማ ነው። 500 ከሆነ በቀን 12 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል። ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሞተር ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ቴስተሩ እንደተገጠመ ግን ቁልፍ ከፍተው እንዳያስነሱ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

እንግዲህ ምርጫው። መጠገን ይቻላል። አዲስ ሪሌ፣ አዲስ የኮፈን ስዊች፣ ሴንሰሩን ማስተካከል፤ ለጥቂት ወራት ሰላም ያገኛሉ። እኔ ግን አልመክርም። ስሙ የማይታወቅ፣ የሽቦ ሥዕሉ የጠፋ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ የደረቀ ነገር ነው። ዛሬ ሪሌዋን ቢቀይሩ ነገ ሌላው መገጣጠሚያ ይላላል። ያ መገጣጠሚያ ደግሞ ሞተርዎን የያዘ ነው። አዲስ አላርም አስገዝቶ በዚያው ሽቦ ላይ ማስገጠምም ያው ነው፤ አዲስ ሳጥን በአሮጌው አደጋ ላይ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አላርሙ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ የኢግኒሽኑ ሽቦ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመለስ፣ ሞተር የሚያጠፋ ነገር ሁለተኛ በዚያ መስመር ላይ እንዳይገጠም። በዚህ ሳምንት ሁሉንም ማሠራት ካልቻሉ ቢያንስ ሪሌዋን ብቻ ያስወጡና ሁለቱን ጫፎች ያስገጥሙ። አጭር ሥራ ነው። ሳይረኑ ሌላ ሳምንት መጮህ ይችላል።

«በጣጥሼ ልጣልልህ» ያለዎት ሰው ዓላማው ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን አይደለም። ሪሌዋን ነቅሎ ብቻ ቢጥላት መኪናዋ አትነሳም፤ ሽቦው ተቆርጧልና። ሁለቱ ወፍራም ጫፎች መለየት አለባቸው፤ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቴስተር። ከዚያ በሶልደር ተያይዘው ሲሞቅ በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈናሉ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው ዛሬ ላይ ያደረሰን። ከሥራው በፊት አላርሙ በሪሞት ይከፈት፣ ሳይረኑ የራሱ ቁልፍ ካለው ይጥፋ፣ ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። መኪናዋ ኤርባግ ካላት መሪው ስር ቢጫ መሸፈኛ ያላቸውን ሽቦዎች ማንም በቴስተርም ሆነ በመሞከሪያ መብራት እንዳይነካቸው። ሴንትራል ሎኩ ከአላርሙ ጋር የተያያዘ ከሆነ እሱን ለይቶ ማስቀረት ይቻላል፤ አስቀድመው ይንገሩት።

ታዲያ ሌባስ? ሁለት ነገር ያድርጉ። አንዱ የመሪ መቆለፊያ ብረት ነው። ሌባ ከሩቅ ያየዋል፣ ጊዜም ይወስድበታል። ሁለተኛው ድብቅ ስዊች ነው፤ ግን ሞተሪኖውን በሚያዘው ሽቦ ላይ፣ በደህና ሪሌ በኩል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህ ቢበላሽ መኪናዋ ቆማ አትነሳም እንጂ እየሄደች አትጠፋም። ጂፒኤስ ካስገጠሙም ያው ነው። ብዙዎቹ በስልክ ሞተር የሚያጠፋ ሪሌ አላቸው። ገጣሚው ኢግኒሽን ላይ ልሥራው ካለ እምቢ ይበሉ፤ ሞተሪኖ ላይ ያድርገው።

ገደቡንም ይወቁት። መኪናዋ ማንዋል ከሆነች የሞተሪኖ መቁረጫ ብቻውን አይበቃም፤ ቁልፍ ቤቱን የሰበረ ሌባ ገፍቶ ሊያስነሳት ይችላል። ለዚህ ነው የመሪው ብረት አብሮ የሚያስፈልገው። ስፖኪዮ፣ ስኮርታና ባትሪ ለሚፈታ ሌባ ደግሞ ይህ ሁሉ ምንም አያደርገውም። እዚያ ላይ የሚሠራው መብራት ያለበት ቦታ፣ የግቢ በርና ጥበቃ ነው። የስርቆት መድን ካለዎት ውሉ አላርም እንዲኖር ይጠይቅ እንደሆነ ከማስወጣትዎ በፊት ያንብቡ። የሚጠይቅ ከሆነ አዲስ አላርም ሳይረንና ሴንሰር ብቻ ሆኖ፣ ሞተር መቁረጫው ሳይያያዝ ይገጠም።

ሥራው ሲያልቅ ፕላስቲኩ ከመገጠሙ በፊት መገጣጠሚያዎቹን ያሳይዎት። ሞተሩን አስነስተው የሽቦውን ጥቅል በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ያናውጡ። ሞተሩ ሳይንገራገጭ፣ ዳሽቦርዱም ብልጭ ሳይል ከቆየ ይክፈሉት። ካልሆነ ፕላስቲኩ አይገጠም።